የተክል መዝገብ አያያዝ

ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና መጽሐፍ ለሚያነቡ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ተክል በዐፈርና በውሃ ያድጋል፤ ጥቅሙ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዕውቀት ነው። ዕውቀትም በሰው አፍ ብቻ የተቀመጠ እንደ ኾነ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ልዩ ልዩ ዕፀዋት ለትምህርትና ለምርምር ተሰብስበው የሚተከሉበት ስፍራ የዕፀዋት ማእከል ይባላል። ይህ ስፍራ ከተራ የአትክልት ቦታ የሚለየው በስፋቱ ወይም በውበቱ አይደለም። ባለጸጋ ሰው በግቢው ብዙ የሚያምር ዛፍ ሊተክል ይችላል፤ ነገር ግን «ይህ ዛፍ ከወዴት መጣ? ማን አመጣው? መቼስ ተተከለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ መዝገብ ከሌለው ስፍራው የአትክልት ቦታ ነው እንጂ የዕፀዋት ማእከል አይባልም። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድነት ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፀዋት ማእከል ከ700 ሄክታር በላይ መሬት አለው። ኾኖም በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ጓሮ ሠላሳ ተክል ተተክሎ ሠላሳውም በሚገባ ቢመዘገብ፣ ሥራው በመጠኑ እንጂ በዐይነቱ ከዚያ አይለይም።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚገኙት የታሪክ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የወለቃ ምሳሌ

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ወገኖች ለብዙ ዘመን ይኖሩባት ነበር፤ ወንዶቹ በብረት ሥራ፣ ሴቶቹም በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። በ1984 እና በ1991 ከጎንደር አገር የቤተ እስራኤል ወገኖች በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ የወለቃ ሰዎችም ሄዱ። ምኵራባቸው በስፍራው ቀረ፤ የሸክላውም ሥራ በሌሎች እጅ ቀጠለ። ዛፉና ቍጥቋጦውም እንደ ቀድሞው ቆሞ ቀረ።

ነገር ግን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለከሰል የሚኾነውን እንጨት ከማይኾነው ለይቶ ያውቃል። ሸክላ የምትተኵስ ሴትም እሳቱ የሚጸናውን እንጨት፣ ጢሱ የሚበዛውንም ታውቃለች። እንዲህ ያለው ዕውቀት ያልተጻፈ እንደ ኾነ ከሰዎቹ ጋራ ባሕር ይሻገራል። ዛፉ በቦታው ቢገኝም ስለ እርሱ የሚናገርለት ሰው አይገኝም።

ይህ የሚደርሰው በስደት ብቻ አይደለም። በየመንደሩ የዕፁን ስም፣ የሚያብብበትን ወር፣ የሚጠቅምበትንና የሚጎዳበትን የሚያውቁ ሽማግሎችና እናቶች አሉ። ከነዚህ አንዱ ሳይጠየቁ በሞቱ ጊዜ መንደሩ በአንድ ቀን ወለቃ በእነዚያ ዓመታት ያጣችውን የመሰለ ነገር ያጣል። ስለዚህ አስተማሪ የሚጽፈው፣ ሽማግሌም የሚናገረው ዛሬ ነው።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። ከርሱም ጋራ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የጣሊያን ሠዓሊ ነበረ። ባሉጋኒ የኢትዮጵያን ዕፀዋት በብዛት ሥሎ በጎንደር ሞተ። ብሩስ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 የጉዞውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ሥዕሎቹን የራሱ ሥራ አስመስሎ አወጣቸው እንጂ የሟቹን ድካም አልገለጠም። ኾኖም የባሉጋኒ ሥዕሎችና በእጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ሳይጠፉ ስለ ኖሩ፣ ከኹለት መቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንት መርምረው ሥራውን ለባለቤቱ መለሱለት። የሠራተኛን ስም መጻፍ ለሟች እንኳ ዳኝነት ይኾናል።

በዚያው መጽሐፍ ብሩስ ኮሶን በታወቀው የእንግሊዝ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ባንክሲያ ብሎ ሰይሞት ነበር። ነገር ግን ይህ ስም አስቀድሞ በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፅ ተሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ግመሊን የሚባል የጀርመን ሊቅ በ1791 ስሙን ለውጦ ሐገኒያ አለው። ዛሬም ኮሶ በሊቃውንት ዘንድ ሐገኒያ አቢሲኒካ ይባላል። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ስለዚህ የተክል መዝገብ በስም ብቻ የተያዘ እንደ ኾነ ስሙ በተለወጠ ጊዜ መዝገቡ ይናወጣል።

ከብሩስ በኋላ በ1837 ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል የጀርመን ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እስከ ሞተበትም እስከ 1878 ድረስ ዘመኑን በትግራይና በስሜን ዕፀዋትን ሲሰበስብ ኖረ። ሺምፐር ከአንድ ዕፅ ብዙ ቅርንጫፍ ቈርጦ ያደርቅ ነበር፤ የደረቁትም ዕፀዋት ቍጥር፣ የተገኙበት ስፍራና ቀን በተጻፈበት ወረቀት እየተለዩ ወደ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይከፋፈሉ ነበር። በ1943 መጋቢት ወር በገባ በመጀመሪያው ሌሊት በበርሊን ያለው የደረቁ ዕፀዋት ቤት በጦርነት ቦምብ ተቃጠለ። በዚያ የነበረው የሺምፐር ስብስብ እጅግ የበዛው ጠፋ። ነገር ግን ከዚያው ዕፅ የተቈረጠ፣ ያው ቍጥር ያለበት ሌላ ቅርንጫፍ በለንደንና በፓሪስ፣ በሌሎችም ከተሞች ስለ ተገኘ የተቃጠለው ኹሉ ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ ሰው በስሜን ሳለ ከጻፋቸው የስፍራ ስሞች አንዱ «እንሼድካፕ» የሚል ነው። ይህም እንጨት ካብ ነው። የአገሩን ስም በጀርመን ጆሮ ሰምቶ በጀርመን ፊደል ስለ ጻፈው፣ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ስፍራውን ለማወቅ መመራመር ግድ ኾነባቸው። የመንደር አስተማሪ ግን በዚህ ነገር ከሺምፐር የተሻለ ዕድል አለው፤ ስሙን ከባለ አገሩ አፍ ሰምቶ በራሱ በአገሩ ፊደል ይጽፈዋልና።

የእንዶድ ነገር

መዝገብ ለሕዝብ ጤና እንኳ እንደሚጠቅም የእንዶድ ታሪክ ያስረዳል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣውም ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የሚያድርበት ነው። ከዚያ በኋላ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ስፍራ የተሰበሰበውን እንዶድ በቍጥር እየለዩ የፍሬውን ብዛትና የኀይሉን ብርታት መረመሩ። 44ኛ ቍጥር የተሰጠውም እንዶድ ብልጫ ካላቸው መካከል ተገኘ፤ በዚሁም ቍጥር እየተጠራ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተተክሎ ተመረመረ። ኹለቱም ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

አስተማሪው በዚህ ታሪክ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። 44ኛው እንዶድ ላልለመደ ሰው ዐይን እንደ ማናቸውም እንዶድ ነው፤ ለይቶ የሚያስታውቀው ቍጥሩ ነው። አንድ ሠራተኛ የቍጥሩን ሰሌዳ አውልቆ ቢጥለው፣ ወይም ኹለት ችግኝ ሲያጠጣ ሰሌዳቸውን ቢያቀያይር፣ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ቀን ከንቱ ይኾናል። ተክሉ አልሞተም፤ ነገር ግን ማን እንደ ኾነ አይታወቅም።

በመዝገብ የሚጻፉ ነገሮች

፩ኛ፤ የመግቢያ ቍጥር። ተክል ወይም ዘር ወደ ግቢው በገባበት ቀን፣ ሳይተከል አስቀድሞ ቍጥር ይሰጠዋል። ቍጥሩም ከዓመቱና ከተራው ይሠራል፤ ለምሳሌ በ2018 ዓመተ ምሕረት በመጀመሪያ የገባው 2018/1 ይባላል። ከአንድ ስፍራ በአንድ ቀን ከአንድ እናት የመጡ ብዙ ችግኞች ቍጥራቸው አንድ ኾኖ ሀ፣ ለ፣ ሐ እየተባሉ ይለያሉ። ተክሉ ቢሞት ቍጥሩ ለሌላ አይሰጥም።

፪ኛ፤ ስም። የአገሩ ስም በመጀመሪያ ይጻፋል። አንድ ዕፅ ብዙ ስም አለው፤ ኮሶ በኦሮምኛ ሄቶ፣ እንዶድም በትግርኛ ሽብጢ ይባላል። አንድ ስምም በኹለት መንደር ለኹለት ልዩ ዕፅ ይነገር ይኾናል። ስለዚህ ስሙ የየት መንደር ሰው እንዳለው አብሮ ይጻፍ። የሊቃውንት ስም የታወቀ እንደ ኾነ ይጨመራል። ይህም የሊቃውንት ስም የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ የተጸና ሥርዐት ነው፤ ኹለት ቃል አለው፤ ፊተኛው የወገኑ፣ ኋለኛው የራሱ መለያ ነው። ያልታወቀ እንደ ኾነ ግን ቦታው ባዶ ይቀመጥ እንጂ በግምት አይሞላ።

፫ኛ፤ የተገኘበት ስፍራ። «ከጎንደር» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ጎጡ፣ በአቅራቢያው ያለው ወንዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም በየት በኩልና ምን ያህል መንገድ እንደ ኾነ ይጻፋል። ቈላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ወይም ውርጭ መኾኑም ይገለጣል። ዛሬ በእጅ ስልክ የስፍራውን ልክና ከፍታውን በሜትር ማወቅ ስለሚቻል ያም ይጨመር። ዐፈሩ ጥቍር ወይም ቀይ፣ ድንጋያማ ወይም ረግረግ መኾኑ፣ በአጠገቡም ምን ዛፍ እንደሚበቅል ይጻፍ።

፬ኛ፤ ቀን። የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቈጣጠር እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። የትኛው አቈጣጠር እንደ ኾነ ያልተጻፈበት ቀን አንባቢን ያሳስታል። ስለዚህ መዝገቡ በአንድ አቈጣጠር ይያዝ፤ ይህም በመጀመሪያው ገጽ በግልጥ ይጻፍ።

፭ኛ፤ ምንጭ። ዕፀዋት በአራት ይከፈላሉ። ከዱር የመጣ «የዱር» ይባላል። ከዱር ከመጣ የታወቀ እናት በአትክልት ቦታ የተወለደ «የዱር ልጅ» ይባላል። ከጓሮ ወይም ከችግኝ ጣቢያ የመጣ «የጓሮ» ይባላል። ምንጩ የጠፋበትም «ያልታወቀ» ይባላል። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ «የዱር» ብሎ መጻፍ ግን የሐሰት ምስክርነት ነው።

፮ኛ፤ ያመጣውና የነገረው ሰው። የለቀመው ሰው ስም ከነአባቱ ይጻፋል። የዕፁን ስምና ጥቅም የነገሩት ሽማግሌ ወይም እናት ስምም ከፈቃዳቸው ጋራ ይጻፋል። የባሉጋኒ ነገር በማንም ላይ እንዳይደገም ይህ ዐምድ ባዶ አይቀመጥ።

፯ኛ፤ የተተከለበት ቦታ። ግቢው በወረቀት ላይ ተሥሎ በመደብ ይከፈልና እያንዳንዱ ተክል በየትኛው መደብ እንዳለ ይመለከታል። ሰሌዳ ቢጠፋ ይህ ሥዕል ይመሰክራል።

፰ኛ፤ የኑሮው ታሪክ። የበቀለበት፣ ያበበበት፣ ያፈራበት፣ የታመመበት ቀን ይጻፋል። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በልዩ ልዩ ዛፍ ላይ የሚገኝ ስለ ኾነ፣ ባበበ ጊዜ ወንድ ወይም ሴት መኾኑ ይጻፍ። ይህን ሳያውቅ የወንድ ዛፍ ብቻ የተከለ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ቢጠብቅ ዘር አያገኝም።

የመዝገብ ምሳሌ

አስተማሪው ከተማሪዎቹ ጋራ ከወለቃ መንደር ዳር ካለ አጥር የእንዶድ ዘር ቢያመጣ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤

«ቍጥር 2018/7። የአገሩ ስም እንዶድ። የሊቃውንት ስም ፊቶላካ ዶዴካንድራ። ስፍራ፤ ወለቃ፣ ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ በእግር ዐሥር ደቂቃ፣ በእርሻ አጥር ላይ፤ ወይና ደጋ፤ ዐፈሩ ጥቍር። ቀን፤ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት። ምንጭ፤ የዱር። የለቀሙት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች (ስማቸው በጀርባው)። የነገሩት፤ የእርሻው ባለቤት (ስማቸው ከነአባታቸው)፤ ፍሬው ተደቍሶ ለልብስ ማጠቢያ እንደሚኾን ተናግረዋል። መደብ፤ ሦስተኛ።»

ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሳይጻፍ ከቀረ ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ማንም በሩብ ዓመት ፈልጎ አያገኘውም።

ስለ ሰሌዳና ስለ ደረቅ ቅርንጫፍ

በወረቀት ላይ የተጻፈ ሰሌዳ በአንድ ክረምት ይጠፋል። ስለዚህ ቀጭን ቆርቆሮ ተቈርጦ ቍጥሩ በምስማር ጫፍ እየተጫረ ይጻፍበት። ሽቦው በቅርንጫፍ ላይ ላላ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጠብቆ የታሰረ እንደ ኾነ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል። በሰሌዳው ላይ ከቍጥሩ ቀጥሎ የአገሩ ስም ቢጨመር ለሚያልፍ ኹሉ ትምህርት ይኾናል።

ደግሞ ከእያንዳንዱ ዕፅ ቅጠልና አበባ፣ ፍሬም ቢኖረው ፍሬ ያለበት አንድ ቅርንጫፍ ይቈረጣል። በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ በሳንቃና በድንጋይ ይጫናል፤ እስኪደርቅም ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ይጻፍ። በደረቀውም ላይ ያው የመግቢያ ቍጥር ይደረግ። በ1959 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የደረቁ ዕፀዋት ቤት እንዲህ ያሉ ቅርንጫፎች የሚጠበቁበት ነው። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው፣ ስድስት ሺህ ያህል ዕፀዋት የሚገልጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ሊጻፍ የቻለው እንደዚህ ባሉ ደረቅ ቅርንጫፎችና በላያቸው በተጻፈው ቃል ነው።

ስለ ጥበቃ

መዝገብ በቀለም ወይም በእርሳስ ይጻፍ፤ ውሃ ሲነካው በሚፈስ ቀለም ግን አይጻፍ። ስሕተት ቢገኝ አይፋቅም፤ የታችኛው ቃል እንዲነበብ በአንድ መሥመር ብቻ ተሰርዞ እርማቱ ከቀኑና ከአራሚው ስም ጋራ በላዩ ይጻፋል። የሞተም ተክል ከመዝገብ አይወጣም፤ የሞተበት ቀንና ምክንያቱ ይጨመርበታል። ውርጭ ገደለው፣ ፍየል በላው፣ ምስጥ አጠፋው የሚለው ቃል በሚመጣው ዓመት ለሚተክል ሰው ምክር ነው።

በየዓመቱ ክረምት ካለፈ በኋላ አስተማሪው መዝገቡን ይዞ ከመደብ ወደ መደብ እየዞረ ይቈጥራል። በመዝገብ ያለ በመሬት መኖሩን፣ በመሬት ያለም በመዝገብ መኖሩን ይመረምራል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ሹመቱን ሲያስረክብ ንዋየ ቅድሳቱን ቈጥሮ እንደሚያስረክብ፣ ከትምህርት ቤቱ የሚዛወር አስተማሪም ተክሉን ቈጥሮ ለተተኪው ያስረክብ።

መዝገቡም ኹለት ይኹን። አንዱ በትምህርት ቤት፣ ግልባጩ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት በዚያም ሊያስቀምጠው ይገባል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋና መሣሪያው ሲበላሽ የሚነበብ ወረቀት ይኑረው። የበርሊን እሳት ያስተማረው ይህን ነው።

ስለ መብት

በኢትዮጵያ በ2006 የወጣው 482ኛው ቍጥር አዋጅ የዕፀዋትን ዘር ሀብትና የማኅበረ ሰብን ዕውቀት የሚጠብቅ ነው። ስለ ዕፅ መድኃኒትነት በመንደር የሚታወቀው ነገር የመንደሩ ሀብት ስለ ኾነ አስተማሪው ባለ ዕውቀቱ ያልፈቀዱትን አይጻፍ፤ የጻፈውንም ለማያውቀው እንግዳ አይስጥ። ሽማግሎችም አስተማሪው የነገሩትን ከስማቸው ጋራ እንደሚጠብቅላቸው ሲያዩ መናገርን አይከለክሉም። ደግሞ በመዝገብ «ለሆድ በሽታ ይጠጣል» ተብሎ መጻፉ የሰዎችን ልማድ መመስከር ነው እንጂ ጠጡ ማለት አይደለም። ተማሪ ይህን አንብቦ ቅጠል እንዳይቀምስ አጥብቆ ማስጠንቀቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የተከለው ሰው ሲሄድ የሚቀረው ዛፉና ስለ ዛፉ የተጻፈው ቃል ነው። ወለቃን ትተው የሄዱት ሰዎች የሚያውቁትን ሊጽፍ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ባሕር መሻገር ያስፈልገዋል። በየመንደሩ ገና ያልሄዱት ግን ከትምህርት ቤቱ በር ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ተቀምጠዋል።

ለተማሪዎች የሚሰጥ ሥራ

፩. የዕፀዋት ማእከል ከአትክልት ቦታ በምን ይለያል?
፪. ስም እየተለወጠ ቍጥር የማይለወጠው ስለ ምንድር ነው? የኮሶን ምሳሌ ጠቅሰህ መልስ።
፫. በርሊን ሲቃጠል የሺምፐር ሥራ ኹሉ ያልጠፋው ስለ ምንድር ነው?
፬. እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ አቅራቢያ ከሚበቅል አንድ ዕፅ አጠገብ ቆሞ ከላይ በተጻፈው ሥርዐት ስምንቱን ነገሮች ይጻፍ። ስሙንና ጥቅሙን ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ በትሕትና ጠይቆ፣ ስማቸውን ለመጻፍም አስፈቅዶ ይምጣ።